ተቺ የነቀፈው፣ እኩለ ሌሊት ያቆየው ፊልም

ካርቱን የልጆች ብቻ ነው ያለው ማነው? እ.ኤ.አ. በ1981 ለእይታ የበቃው «ሄቪ ሜታል» ለአዋቂዎች የተሠራ የካናዳ አኒሜሽን ነው። ፕሮዲውሰሩ አይቫን ራይትማን፣ ዳይሬክተሩ ጄራልድ ፖተርተን ናቸው። ስሙን ከአንድ የሥዕል ታሪክ መጽሔት ወስዶ፣ የተለያዩ አጫጭር ምናባዊ ታሪኮችን ክፋትን በተሸከመች አንዲት አረንጓዴ ድንጋይ ያያይዛቸዋል። ክፍሎቹን የሣሏቸው የተለያዩ ስቱዲዮዎች ስለሆኑ አንዱ ሌላውን አይመስልም።

ተቺዎቹ አልተስማሙም። ሥዕሉንና የሮክ ሙዚቃውን ያደነቁ ነበሩ። ሌሎች ግን ሴትን ገላ ብቻ አድርጎ ማሳየቱንና ደም ማብዛቱን ነቀፉ።

ከዚያ የዘፈኖቹ መብት ጉዳይ መጣ። በዚህ ሳቢያ ፊልሙ እስከ 1996 በይፋ በቪዲዮ አልወጣም። 15 ዓመት ያቆዩት የእኩለ ሌሊት ትርዒቶችና ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩ ሕገወጥ ቅጂዎች ናቸው።

ታዲያ ማን ልክ ነበር? እኛ ሁለቱም እንላለን። የተመልካች ፍቅር የሴቶቹን አሳሳል ነቀፌታ አይሽርም። ነቀፌታውም ፊልሙ፣ እንደ «ፍሪትዝ ዘ ካት» (1972) ሁሉ፣ አኒሜሽን ለአዋቂ መናገር እንደሚችል ማሳየቱን አይሰርዝም። ልታዩት ካሰባችሁ ልጆቹን አስተኙና ሁለቱንም ይዛችሁ እዩት።