የጸና ማጣበቂያና የሠራተኛው ጤና

ማጣበቂያ የሚይዘው የአሉሚኒየሙን ገጽ ነውና ገጹ ካልጸና የማጣበቂያው ጥራት ከንቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 የብሪታንያ ተመራማሪዎች አሉሚኒየምን ክሮሚክ አሲድ በያዘ ገንዳ ነክረው ኤሌክትሪክ በማሳለፍ በገጹ ላይ ጽኑ የኦክሳይድ ሽፋን ፈጠሩ። ዓላማቸው የባሕር አውሮፕላኖችን ከዝገት ማዳን ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ይኸው ሽፋን የአውሮፕላን አካላትን በማጣበቂያ ለማገናኘት አገለገለ። ይሁን እንጂ ከገንዳው የሚነሣው ጉም የያዘው ስድስት ቫለንስ ክሮሚየም የሠራተኛውን ሳንባ ለካንሰር የሚያጋልጥ ነው።

በ1970ዎቹ ዓመታት የቦይንግ ኩባንያ መሐንዲሶች በእርጥበት የሚላቀቁ መጋጠሚያዎችን ለማጽናት ፎስፎሪክ አሲድን መረጡ። ማጣበቂያው በአዲሱ ሽፋን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሰርጎ ገባ፤ ፎስፌቱም እርጥበትን ተቋቋመ። ጽናትን ሲሹ ከገንዳው መርዙን አስወገዱ። የአውሮፓ ኅብረት ክሮሚክ አሲድ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይሠራበት ያገደው ግን በ2017 ነበር። ስለዚህ የሥራ ጽናትና የሠራተኛ ጤና የግድ ተቃራኒዎች አይደሉም።