የሮያል ፍሪ ደዌ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 13 ቀን 1955 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ በሮያል ፍሪ ሆስፒታል ከሚያገለግሉት መካከል አንድ ሐኪምና አንዲት የነርሶች አለቃ ታመው ተኙ፤ ደዌውም በሠራተኛው መካከል ፈጥኖ ስለ ተዛመተ፣ ሕሙማንን ይቀበል የነበረው ቤት ራሱ ሕመምተኛ ሆኖ ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጁላይ 25 ቀን ደጁን ዘጋ፤ እስከ ኦክቶበር 5 ቀንም አልከፈተም። ከሠራተኞቹ 292ቱ ሲታመሙና ከእነርሱም 255ቱ ተኝተው ሲታከሙ፣ በዚያው ጣራ ሥር በሌላ ሕመም ተኝተው ከነበሩት የተያዙት 12 ብቻ ነበሩ።

የጉሮሮ ቁስለት፣ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የንፍፊት ማበጥና የጡንቻ ሕመም የደዌው መግቢያዎች ነበሩ፤ የተላላፊ በሽታዎች ሐኪም የነበሩት ሜልቪን ራምሴይ በሕሙማኑ አልጋ አጠገብ ተቀምጠው ያስተዋሉት ዋና ምልክት ግን ሌላ ነበር፤ ይኸውም ጥቂት የሠራ ጡንቻ ኃይሉ ተሟጦ፣ በዕረፍት ቶሎ የማይመለስ፣ አንዳንዴም ቀናት የሚፈልግ መሆኑ ነው። ቫይረስ እንዳለበት ተጠርጥሮ ቢፈለግ አልተገኘም። በሎስ አንጀለስ ሆስፒታል በ1934፣ በአይስላንድም በአኩሬይሪ ከተማ በ1948 ተመሳሳይ ደዌ ታይቶ ነበርና፣ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ1956 የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ብግነት ከጡንቻ ሕመም ጋር የሚል ትርጉም ያለውን «ማያልጂክ ኤንሰፋሎማየላይቲስ» የተባለ ስም አቀረበ፤ ሰው ስላልገደለም «የዋህ» የሚል ቅጽል በፊቱ ተጨመረለት። ዓመታትን በአልጋ ላይ ያስቆጠረን ደዌ የዋህ ማለት እንዴት ይቻላል? ራምሴይም ኋላ ይህ ቅጽል እንዲቀር ተሟግተዋል።

ከዚህ የከፋው ግን በ1970 መጣ። ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች፣ ሕሙማኑን አንድ በአንድ ሳይጠይቁና ሳይመረምሩ የ1955ን መዛግብት አገላብጠው፣ ከታመሙት አብዛኞቹ ሴቶች መሆናቸውንም እንደ ማስረጃ ቆጥረው፣ ነገሩ የጅምላ ሂስቴሪያ ነው ብለው በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ጻፉ። ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ሐኪሞችና ነርሶች፣ የደዌን ጠባይ ከመጽሐፍም ከአልጋ አጠገብም የተማሩ ነበሩ፤ የእነርሱ ምስክርነት ካልታመነ የአንዲት ገበሬ ወይም የአንዲት ልብስ ሰፊ ምስክርነት በማን ፊት ይታመን ነበር? ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

መልሱ ከሩቅ አገር መጣ። በአውስትራሊያ ዱቦ በተባለች የገጠር ከተማ አካባቢ፣ የኤፕስታይን ባር ወይም የሮስ ሪቨር ቫይረስ ወይም ኪው ፊቨር የተባለው የባክቴሪያ ደዌ የያዛቸው 253 ሰዎች ከሕመማቸው መጀመሪያ አንሥቶ ተከትለው ሲታዩ፣ ከስድስት ወር በኋላ 28ቱ፣ ይህ ደዌ ኋላ የተጠራበትን «ሥር የሰደደ ድካም ሕመም» የተባለውን መሥፈርት አሟልተው ተገኙ፤ በ2006 የታተመው ጥናትም የደዌውን መርዘም የሚያመለክተው የመጀመሪያው ሕመም ጽናት እንጂ የታማሚው የአእምሮ ጠባይ ወይም ሕመሙን ያመጣው የተዋሲ ዓይነት እንዳልሆነ አስረዳ።

ተዋሲው ከሄደ በኋላ በገላ ውስጥ ምን ይቀራል? የሰው ሕዋሳት ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ የዘር መጽሐፍ ይዘዋል፤ ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የተቀመጡት መጻሕፍት ሁሉ በአንድ ቀን እንደማይነበቡ፣ የዕለቱንም ምንባብ ግጻዌ እንደሚወስን፣ እንዲሁ በሕዋስ ውስጥ የትኛው ዘረመል እንደሚነበብና የትኛው ተከድኖ እንደሚቆይ እንደ ጊዜውና እንደ መከራው ይለያያል። በሎንዶን የነበሩት መርማሪ ጆናታን ኬርና ባልደረቦቻቸው በ2008 ባወጡት ጥናት፣ በዚህ ደዌ ሕሙማን ደም ውስጥ 88 ዘረመሎች ከጤነኞች በተለየ ሁኔታ ሲሠሩ አገኙ፤ 85ቱ ከልክ በላይ፣ 3ቱ ከልክ በታች፤ ብዙዎቹም የሰውነት መከላከያና ከተላላፊ ደዌ ጋር የተያያዙ ናቸው። ይሁን እንጂ ሌሎች መርማሪዎች ያወጡት ዝርዝር ከዚህ ጋር አልገጠመም፤ በ2009 ኤክስ ኤም አር ቪ የተባለ ቫይረስ ተገኘ ተብሎ ሕሙማኑ ተስፋ ካደረጉ በኋላም፣ ጽሑፉ በ2011 ተሽሯል። ደዌውን ለይቶ የሚያሳውቅ የደም ምርመራ እስካሁን የለም፤ ሐኪም የሚያውቀው ራምሴይ ባወቁበት መንገድ፣ አጠገብ ተቀምጦ በመጠየቅና በመስማት ነው።