የተረሳው የማሲንቆና የክራር ኅብር

ስለ ሃያኛው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲጻፍ ብዕር ሁሉ ቀድሞ የሚያዘነብለው ወደ ናስ መሣሪያዎቹ፣ ወደ ክብር ዘበኛና ወደ ፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ነው። በዚያው ዘመን ማሲንቆን፣ ክራርንና በገናን በአንድ መድረክ ያሰባሰበውን ቡድን የሚያነሣው ግን ጥቂት ነው። ስሙ «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ» ነበር።

ቡድኑን እ.ኤ.አ. በ1963 ያቋቋመው በግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብ ሲሆን፣ መቀመጫውም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ከልዩ ልዩ ብሔረሰቦች የመጡ፣ ከዚያ በፊት አብረው ተጫውተው የማያውቁ እስከ ሠላሳ የሚደርሱ ባለሙያዎች ተሰባሰቡበት።

የነገሩን ድፍረት ለመረዳት መሣሪያዎቹን ማሰብ ይበቃል። ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ያለው፣ በደጋን የሚመታ የብቸኛ ሰው ጓደኛ ነው፤ አዝማሪው የሚቃኘው ለገዛ ጉሮሮው ነው። በገና ዐሥር አውታሩን ይዞ ለጸሎትና ለተመስጦ በዝግታ ይደረደራል። ክራር ደግሞ የጨዋታና የፍቅር ነው። እነዚህን በአንድነት ማሰማት ሦስት ጠባዮችን ማስታረቅ ነበር።

እኔ የከላላ ሰው ነኝና ስለ ቅኝት ሳስብ አገር ይታየኛል። ለወሎ ሰው አምባሰልና ባቲ የቅኝት ስሞች ብቻ አይደሉም፤ ሰው የሚኖርባቸው፣ መንገድ የሚያልፍባቸው ቦታዎችም ናቸው። ስለዚህ የቡድኑን ቅጂ ለማዳመጥ ስቀመጥ ስጋት ነበረኝ፤ ብዙ እጅ ሲነካው የአገሩ ለዛ ይጠፋ ይሆን? አልጠፋም። ማሲንቆው በብዙዎች መካከል ሆኖም እንደ ብቸኛ ሰው ያንጎራጉራል።

እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ቡድኑን የመራው የዜማና የግጥም ደራሲው ተስፋዬ ለማ ነው። ማሲንቆ ተጫዋቹ ጌታመሳይ አበበም ከቡድኑ ስመ ጥር አባላት አንዱ ነበር፤ ቻርልስ ሰተን የተባለውን አሜሪካዊ የሰላም ጓድ ማሲንቆ ያስተማረውም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 «የብሉ ናይል ቡድን» በሚል ስም አሜሪካን ዞሩ። ከአብዮቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ ቡድኑ ተበተነ።

ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ። ሥራዎቹ ዳግም ለዓለም ጆሮ የበቁት እ.ኤ.አ. በ2007፣ በፈረንሳይ በሚታተመው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 23ኛ ቅጽ ነው።

ለዚህ ምስጋና ይገባል፤ ቁጭትም አብሮት ይመጣል። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ሥሩ ከ«ዘመረ» ሆኖ ሳለ እኛ ስድብ አድርገነው ኖረናል። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ያንን የተናቀ ሰው ከነማሲንቆው ወደ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ አስገብቶ፣ ተቀመጡና አድምጡት ብሎን ነበር። ይህንን ክብር የሚመልስለት የውጭ ዲስክ ብቻ ሊሆን አይገባም። የትምህርት ቤቶቻችን መጻሕፍት የናሱን ታሪክ ሲተርኩ፣ ለክሩም አንድ ምዕራፍ ይተዉለት።