የተገጠመ ብረት

አቃቂ ቃሊቲ የብረት አገር ነው። በደርግ ዘመን የመለዋወጫ ዕቃዎችና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ የተተከለውም እዚያው ነው። እኔን የሚስቡኝ ግን ከአውራ ጎዳናው ገባ ብለው የሚገኙት ትንንሽ ቶርኖ ቤቶች ናቸው። ባለፈው ሰሞን ከአንዱ ደጃፍ ቆሜ፣ አንድ ባለሙያ ለአሮጌ የወፍጮ ዘንግ አዲስ ቁራጭ ሲያስማማ አየሁ። ይለካል፣ ይፍቃል፣ ይሞክራል፤ እንቢ ሲለውም እንደገና ይፍቃል።

በባሕር ማዶ አዳኞች በሽጉጥ ላይ መነጽር ያስገጥማሉ። ጎተራው እየዞረ የሚተኩሰው ሽጉጥ ለቅርብ ርቀት የተበጀ ነው፤ መነጽር ሲጨመርበት መያዣው በብሎን ይታሰራል፣ በተተኮሰ ቁጥርም ንረቱ ብሎኑን ያላላዋል። ሩገር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሱፐር ሬድሆክ ላይ የመነጽሩን ማሰሪያ ቦታ ከሽጉጡ አካል ጋር አብሮ የሠራው ወዶ አልነበረም። የአዳኞች ቅንጦት ነው ብዬ ባልፈው ደስ ባለኝ። ነገር ግን በአሮጌ መሣሪያ ላይ የተገጠመ ቁራጭ ብረት እኛን አንድ ጊዜ ክፉኛ ጎድቶናል።

ስሙ ስናድር ነው። በፉከራና በሽለላ ከውጅግራና ከለበን ጋር ስለሚነሣ ሙሉ ጠመንጃ ይመስለናል፤ በመሠረቱ ግን መለዋወጫ ነበር። እንግሊዞች በአፉ የሚጎረሰው የ1853ቱ ኤንፊልድ በመጋዘን ሞልቷቸው ሳለ፣ አዲስ ከመሥራት ይልቅ የአፈሙዙን የኋላ ጫፍ ቆርጠው ወደ ቀኝ የሚከፈት መዝጊያ ገጠሙበት። ሐሳቡ የፊላደልፊያው ሰው የጄኮብ ስናይደር ነው። መንግሥት በ1866 እ.ኤ.አ. ተቀበለው፤ እሱ ግን የልፋቱን ዋጋ ሳያገኝ በዚያው ዓመት በድህነት ሞተ። ስሙ በእኛ ፉከራ ውስጥ ይቀራል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም። በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያህል ይተኩስ የነበረው ወታደር በዚህች መዝጊያ ዐሥር ጊዜ ያህል መተኮስ ቻለ፤ ያውም ተኝቶ እየጎረሰ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ ፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊቱን እየመሩ ከመቅደላ ግርጌ ወደ እሮጌ ሜዳ ወረዱ። የሠራዊቱ ነፍጥ በአፉ የሚጎረስ ነበር፤ ቀሪው ጦርና ጋሻ። ከናፒየር ጦር ውስጥ ሕንዳውያኑ ገና በአሮጌው ጠመንጃ ነበሩ፤ ስናድሩን የያዘው 4ኛው የንጉሥ ሬጅመንት ነው። ከእኛ ወገን ገብርዬን ጨምሮ 700 ያህል ሰው አለቀ። ከእንግሊዞች በኩል በቁስል የሞቱት ሁለት ናቸው። በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የመጣላቸውን ሽጉጥ ጠጡ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሽንፈቱ ብቻ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ አጥብቀው የለመኑት እኮ የእጅ ባለሙያ ነበር። ጋፋት ላይ ሚሲዮናውያኑን አስገድደው 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አስቀለጡ፤ ያን ሁሉ ብረት በሰው ጉልበት ገደል ለገደል አስጎተቱ። ያሸነፋቸው መዳፍ የማትሞላ መዝጊያ ናት። ግዝፈት የኃይል ምልክት በሆነበት አገር ትንሿን ብረት ማን ይጠረጥራታል?

ባለቶርኖው ቁራጩን ለአራተኛ ጊዜ ከዘንጉ አውጥቶ በብርሃን አየው፤ ጥቂት እንደቀረው ነግሮኝ ወደ ማሽኑ ተመለሰ።