ኢታካ፤ ውሃ ያስለቀሳት ከተማ

እኛ እድርተኞች ሥራችን ድንኳን መትከል፣ ሬሳ መሸኘትና ሐዘንተኛ ማጽናናት ነው። ሟቹ በምን ሞተ ብለን የምንጠይቀው ግን ብዙውን ጊዜ ለወጉ ያህል ነው። ይህንን ጥያቄ በቁም ነገር እንድትጠይቅ የተገደደች የአንዲት ከተማ ታሪክ አንብበን ስላስተማረን ለአባላት ልናካፍል ወደድን።

ከተማይቱ በአሜሪካ አገር፣ በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት፣ በካዩጋ ሐይቅ ደቡባዊ ጫፍ ያለችው ኢታካ ናት። እ.ኤ.አ. በ1865 የተቋቋመው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በኮረብታዋ ላይ ይገኛል። ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1903 መጀመሪያ ላይ ነው። በእኛ 1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዳግማዊ ምኒልክ በዙፋን ላይ ሳሉ መሆኑ ነው።

ያን ጊዜ የኢታካ ሕዝብ 13,000 ያህል ነበር። ውሃ የሚያቀርበው አንድ የግል ኩባንያ ሲሆን፣ ከወንዝ የተጠለፈው ውሃ ሳይጣራ በቧንቧ እየቤቱ ይገባ ነበር። በክረምቱ ታይፎይድ፣ በእኛ አፍ የአንጀት ተስቦ የሚባለው፣ ተነሣ። በጥቂት ወራት ውስጥ 1,350 ያህል ሰው ታመመ። ከአሥር ሰው አንዱ ማለት ነው እንግዲህ! 82 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህ 29ኙ የኮርኔል ተማሪዎች ነበሩ። አንዳንዶቹ ወደየወላጆቻቸው ቤት ከተመለሱ በኋላ ነው ያረፉት።

ዩኒቨርሲቲው የራሱ ውሃ ነበረው። ነገር ግን ብዙዎቹ ተማሪዎች ታች ከተማው ውስጥ ቤት ተከራይተው ያድሩና ይበሉ ስለነበር፣ ከከተማው ሰው ጋር አንድ ውሃ ጠጡ። ውሃ እንግዳና ነዋሪ አይለይም።

በወንዙ ላይ ግድብ ይሠራ ስለነበር ጣት የተቀሰረው በግድቡ ሠራተኞች ላይ ነው። ዋናው ጉድለት ግን የማንም ቆሻሻ ቢገባበት የሚያግድ ማጣሪያ አለመኖሩ ነበር።

ከዚህ በኋላ ጆርጅ ሶፐር የተባለ መሐንዲስ ተልኮ የጉድጓዱንና የመጸዳጃውን ነገር ቤት ለቤት ያስመረምርና ያስጸዳ ጀመር። ሕዝቡም የውሃው ሥራ ከኩባንያው እጅ ወጥቶ የከተማው እንዲሆን ድምፅ ሰጠ። ማጣሪያም በዚያው ዓመት ተሠራ። ባለጸጋው አንድሩ ካርኒጊ የታመሙትን ተማሪዎች የሕክምና ወጪና የዩኒቨርሲቲውን ማጣሪያ ከኪሱ ከፈለ። ደግ ሥራ ነው፤ ለ82ቱ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።

እኛም ከዚህ የምንማረው አለ። ውሃ ማፍላት፣ ጉድጓድ መክደን፣ መጸዳጃን ከውሃ ማራቅ ከቀብር ወጪ ይረክሳል። በሰፈራችን አንድ ዓይነት ሕመም ሁለት ሦስት ቤት ሲገባ ዝም አንበል፤ ውሃው ከየት ነው ብለን እንጠይቅ። እድር ለሞት ብቻ አይደለም የቆመው፤ ለጎረቤት ነው።