ፀጉራቸው የሚጠቀለል ውሾች የፀጉር አያያዝና ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

በመቐለ ከተማ ፑድል ከተሰኘው ዝርያ ጋር የተዳቀሉ ውሾችን የሚያሳድጉ ነዋሪዎች የፀጉር እንክብካቤን የውበት ጉዳይ ብቻ አድርገው ሊመለከቱት አይገባም። የእነዚህ ውሾች ፀጉር የሚጠቀለልና ያለማቋረጥ የሚያድግ ነው። የሚረግፈው ፀጉር በጥቅልሉ ውስጥ ስለሚቀር፣ በየጊዜው ካልተበጠረ ከቆዳው አጠገብ ይቋጠራል። ቋጠሮው ቆዳን ይስባል፣ እርጥበት ይይዛል፤ ቁስልን፣ መዥገርንና ቁንጫንም ከዕይታ ይሰውራል።

ከሁሉ አስቀድሞ ክትባት

የተቋጠረ ፀጉር ሲሳብ ስለሚያም ገራም ውሻም ቢሆን ሊናከስ ይችላል። በመሆኑም ውሻው ፀጉሩን ከመስተካከሉ በፊት የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት የወሰደ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። የመጀመሪያው ክትባት በአብዛኛው ቡችላው 3 ወር ሲሞላው የሚሰጥ ሲሆን፣ ቀጣዩ የእንስሳት ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ ይደገማል። ባለንብረቱ የክትባት ማስረጃውን በጥንቃቄ ሊይዝ ይገባል።

ማበጠርና ማጠብ

• ፀጉሩን በሳምንት ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ጊዜ ከሥሩ ጀምሮ ማበጠር፤ በተለይም ከጆሮ ጀርባ፣ በብብትና የአንገት ማሰሪያ በሚያርፍበት ቦታ ቋጠሮ መኖሩን ማረጋገጥ፤
• ከማጠብ በፊት ማበጠር፤ ቋጠሮ ውሃ ሲነካው ይበልጥ ይጠብቃል። ውሃ በፈረቃ በሚደርስባቸው አካባቢዎችም ይህ ቅደም ተከተል የሚባክነውን ውሃ ይቀንሳል፤
• ለሰው የተዘጋጀ ሻምፑ ከመጠቀም መቆጠብ፣ ካጠቡ በኋላም ፀጉሩን እስከ ሥሩ ማድረቅ።

መቁረጥ

ፀጉሩ በአብዛኛው በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ መስተካከል ይኖርበታል። መቐለ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የቀኑ ፀሐይ ጠንካራ፣ የሌሊቱም አየር ቀዝቃዛ ነው። በመሆኑም ፀጉርን እስከ ቆዳው ድረስ መላጨት አይመከርም። ቋጠሮን በመቀስ ለመቁረጥ መሞከር ቆዳን ሊቆርጥ ስለሚችል፣ በጣት ወይም በማበጠሪያ የማይፈታ ቋጠሮ ሲያጋጥም ባለሙያ እንዲያነሳው ማድረግ ያስፈልጋል።

መዥገር፣ ቁንጫና እከክ

በክረምት ወራት እርጥበት ስለሚጨምር ፍተሻው ሊጠናከር ይገባል። የፀጉር መመለጥ፣ የቆዳ መቅላት ወይም የማያቋርጥ ማሳከክ ሲታይ ውሻው ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ሊወሰድ ይገባል። ለከብትና ለበግ የተዘጋጀ የመዥገር መድኃኒትን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በውሻ ላይ መጠቀም ውሻውንም የሚረጨውንም ሰው ሊመርዝ ይችላል።

ንክሻ ወይም ጭረት ሲያጋጥም

1. ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፤
2. ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም፣ የባህል መድኃኒት በመሞከር ጊዜ ሳያጠፉ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ፤
3. የውሻውን የክትባት ማስረጃ ማቅረብ፣ ውሻውንም ሳይገድሉ ለይቶ በማቆየት ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ሕይወትን ማትረፍ የማይቻል ነው ለማለት የሚያስደፍር ነው። በወቅቱ በሚደረግ እጥበትና ክትባት ግን መከላከል ይቻላል። የፀጉር እንክብካቤ የውሻውን ጤና የሚጠብቀው የቤተሰቡንም ደኅንነት አብሮ ሲያረጋግጥ ነው።