የሐረር ፈታዮችና የወርስ ቀለም

  

ስለ ታሪካችን ስናነሳ ብዙ ጊዜ የምናወሳው አሚሮችን፣ ዑለማዎችንና ጦርነቶችን ነው። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን አሚሩም ዓሊሙም ወታደሩም ለብሰው ነበር የሚውሉት። ያንን ልብስ ከጥጥ አውጥታ ክር ያደረገችው፣ በእንዝርቷ የልጆቿን ጉሮሮ ትደፍን የነበረችው ሴት ማን ነበረች? በዛሬው ዝግጅታችን ወደ ሐረር ጎራ ብለን ስለ ፈታዮቿና በዘመኑ ባሕር ተሻግሮ ይሸጥ ስለነበረው ቀለሟ ጥቂት እንላለን።

እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1855፣ በሒጅራ አቆጣጠር በ1271 መሆኑ ነው፣ ሪቻርድ በርተን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን ወደ ሐረር ገባ። በዘመኑ አሚር የነበሩት አሕመድ ኢብን አቡበከር ነበሩ። በርተን በከተማይቱ አሥር ቀን ቆይቶ ወጣ፤ በማግስቱ ዓመትም ያየውን በመጽሐፍ አሳተመ። ይህ ሰው ስለ ሕዝቡ ክፉ ቃል ከመጻፍ ወደኋላ ያላለ ነው። የሐረርን ሸማ ሲያነሳ ግን አድናቆቱን መደበቅ አልቻለም። በውበትም በጥንካሬም የአውሮፓ ፋብሪካዎች ከሚያወጡት ጨርቅ እንደሚበልጥ መስክሯል።

ዝርዝሩንም ትቶልናል። ቶብ የሚባለው ልብስ ርዝመቱ 11 ክንድ፣ ወርዱ 2 ክንድ ሆኖ ዳሩ ደማቅ ቀይ ነበር። ጥጡ በአካባቢው ኮረብታዎች በብዛት የሚበቅል ጭረቱ ረጅም ጥጥ ሲሆን፣ ልብሱ እንደ ሐር የለሰለሰና ለብርድ ጊዜ የሚያሞቅ ነበር። ደህና የሚባለው እዚያው ከተማው ውስጥ እንኳ በአማካይ 8 ብር ያወጣ ነበር። ሽመናውን ወንዱም ሴቱም ይሠራዋል፤ ፈትሉ ግን የሴቶች ነው፤ መሣሪያቸውም ሁለት የእንጨት ዘንግ ብቻ ነበር።

ውድ አድማጮቻችን፣ እስቲ ይህን እናስተውል። የእንግሊዝ አገር ፋብሪካዎች በእንፋሎት ኃይል ሌት ተቀን በሚፈትሉበት ዘመን፣ ሁለት እንጨት የያዘች የሐረር እናት የምትሠራው ክር ከእነርሱ በልጦ ተገኘ። ምስጢሩ በእጅዋ ላይ ነው። እናቶቻችን ይህን ያውቁታል። ጥጡ መጀመሪያ ፍሬው እንዲወጣ ይዳመጣል፤ ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል፤ ተባዝቶ ባዘቶ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ነው እንዝርት ላይ የሚወጣው። ጣት ክሩ የት እንደሳሳ፣ የት እንደወፈረ እያወቀ ይሄዳል። አንድ ሸማኔ በቀላሉ ሸምኖ የሚጨርሰውን ክር ለማዘጋጀት የብዙ ፈታዮች ድካም ያስፈልጋል። እንግዲህ በዚያ የ8 ብር ቶብ ውስጥ አብዛኛው ሰዓት የፈታይዋ ሰዓት ነበር ማለት ነው።

ቀለሙስ? ሐረር ወደ ውጭ ከምትልካቸው ሸቀጦች ውስጥ ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱና ሸማው ብቻ አልነበሩም፤ ወርስ የሚባል ቀለምም ነበረበት። ወርስ ለሙስሊም ጆሮ እንግዳ ቃል አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኢሕራም ያደረገ ሰው የማይለብሰውን ሲዘረዝሩ፣ ዘዕፈራንና ወርስ የነካው ልብስ ከዚያ ውስጥ እንደሚገኝበት ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲሥ በቡኻሪና በሙስሊም ተመዝግቧል። በዐረብ አገር ወርስ ሲባል ቶሎ የሚታወሰው የመን ነው፤ ሐረርም ይህንኑ ቀለም ወደዚያ ማዶ ትልክ ነበር።

በርተን ወርስን ከሱፍ አበባ የሚገኝ ቀለም አድርጎ ነበር የጻፈው። በ1880ዎቹ ግን በዓደን የነበሩ የእንግሊዝ ሹሞች ነገሩን ከሐረር አጣርተው ናሙናውን ለንደን አጠገብ ወዳለው የኪው የዕፅዋት ማዕከል ላኩ። በምርመራውም ተክሉ ከባቄላና ከአተር ወገን የሆነ፣ ፍሌሚንጂያ ግራሃሚያና የሚባል ቁጥቋጦ መሆኑ ታወቀ። የፍሬው ማቀፊያ በቀይ ደቃቅ ፀጉር የተሸፈነ ነው። ፍሬው ተለቅሞ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ተመትቶ ይነፋል፤ የሚወርደው ቀይ ዱቄት ወርስ ነው። ሐር ሲነከርበት ብርቱካን መሳይ ደማቅ ቢጫ ይሰጣል። ለቃሚው፣ ወቂው፣ ነፊው፣ ነጋዴው ሁሉ ከዚህች ቁጥቋጦ እንጀራውን ይቆርስ ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ የት ገባ? በርተን ከሐረር በወጣ በዓመቱ፣ በ1856፣ ዊልያም ፐርኪን የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት ከድንጋይ ከሰል ዝቃጭ ሐምራዊ ቀለም ሠራ። በ1869 ደግሞ ከሥር ይገኝ የነበረው ቀይ ቀለም በኬሚስቶች እጅ ተሠራ። ርካሹ የፋብሪካ ቀለም በዓለም ሲሰራጭ የዕፅዋት ቀለም ገበያ በየአገሩ ቀዘቀዘ። የአሜሪካ አቡጀዲማ በርተን በመጣበት ጊዜም ሐረር ገበያ ደርሶ ነበር። በ1902 የባቡር ሐዲዱ ድሬዳዋ ሲገባ የባሕር ማዶው ሸቀጥ መንገዱ አጠረለት። በጣሊያን ወረራ ዘመንም እዚያው ድሬዳዋ የጥጥ ፋብሪካ ተተከለ።

ሆኖም የፈታይዋ ሙያ ጨርሶ አልጠፋም። በዛሬው የአገራችን ሽመና ድሩ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ ግን ጥሩ ልብስ ከተፈለገ አሁንም የእጅ ፈትል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ድር ተወጥሮ ስለሚመታ ጠንካራና እኩል የሆነ ክር ይሻል፤ ይህን ፋብሪካው በርካሽ ያቀርባል። ማግ ግን ለስላሳና ሙቀት ያዥ እንዲሆን ነው የሚፈለገው፤ ይህንን ደግሞ እንዝርት ይችልበታል። ጋቢው ለምን ይሞቃል ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ይኸው ነው።

ችግሩ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ገዢ ነጋዴውን ያውቃል፤ ሸማኔውንም ሊያውቅ ይችላል፤ ፈታይዋን ግን የሚያውቃት የለም። ዋጋ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚቀነሰው ከእርሷ ነው። «ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ የምትሠራው ነው» ተብሎ ድካሟ እንደ ጨዋታ ይቆጠራል። ይህ ከዲናችን ጋር ይስማማልን? አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ 32ኛው አንቀጽ ሴቶች ከሠሩት ድርሻ እንዳላቸው አሳውቆናል። ስለዚህ የፈትሏ ገንዘብ የራሷ ነው፤ ባልም ወንድምም ያለ ፈቃዷ አይነካውም። ከምእመናን እናቶች አንዷ ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) በእጇ ሠርታ ትመጸውት ነበር፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) «እጀ ረጅም» ያሏት በዚሁ ልግስናዋ መሆኑን ባልደረቦቿ ኋላ ተረድተዋል። የእጅ ሥራ በነቢዩ ቤት ክብር እንጂ ውርደት አልነበረም።

አደራው ግን በገዢ ላይ ብቻ አይወድቅም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ ከተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ባገኙት ጊዜ ሻጩን ገሥጸውታል። ክርም በሚዛን ይሸጣል። ልቃቂቱ እንዲከብድ ማርጠብ፣ የፋብሪካ ክር ውስጡ ጠቅልሎ ላዩን በእጅ ፈትል መሸፈን፣ የታተመ ጨርቅን የእጅ ጥበብ ነው ብሎ መሸጥ ከዚያ ክምር በምን ይለያል? ሐላል ሲሳይ የሚገኘው ዋጋውም ሚዛኑም ሲስተካከል ነው።

ውድ አድማጮቻችን፣ ቁርኣን በሱረቱ አን-ነሕል 92ኛው አንቀጽ ቃል ኪዳን አፍራሽን የፈተለችውን ጠንካራ ክር መልሳ በምትበታትን ሴት ይመስለዋል። ይህን ምሳሌ ከማንም በፊት የምትረዳው እንዝርት የያዘች እናት ናት፤ የስንት ቀን ድካም እንደሚፈርስ ታውቃለችና። ታሪካችንም እንዲሁ በብዙ እጅ የተፈተለ ነው። በቤታችን መፍተል የሚያውቁ እናቶችና አያቶች ካሉ ዛሬውኑ አጠገባቸው እንቀመጥ፤ እንዴት እንደሚዳመጥ፣ ክር በምን በምን ይነከር እንደነበር እንጠይቅ፤ ልጆቻችንም ይስሙ። ለዒድ ጋቢ ወይም ነጠላ ስንገዛም «ማጉን የፈተለችው ማን ናት? ስንት ተከፈላት?» ብለን እንጠይቅ። ጥያቄው ሲደጋገም ነጋዴውም መልስ ማዘጋጀቱ አይቀርም።

አላህ የእናቶቻችንን ድካም ይቀበል፤ በእጃቸው ሥራም በረካ ያድርግበት።